ሦስተኛው ጥቅል

የካፒታኖ ሬናልዲ ውሻ ሞታ የተገኘችው በጥቅምት ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሹምባሽ ሐብተ ማርያም ከቀሃ ወንዝ በላይ ወዳለው የጣሊያን ጦር ሰፈር ሲደርስ የውሻይቱ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። አምስት ቡችሎች የሞተች እናታቸውን ጡት እየጎተቱ ያላዝናሉ።

ተንበርክኮ አያት። ዲያና ጆሮዋ ቀጥ ያለ፣ ጀርባዋ የጠቆረ ትልቅ የፈረንጅ ውሻ ነበረች። አሁን አራቱም እግሮቿ እንደ እንጨት ተገትረዋል፤ አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ ጥርሷ የምትስቅ ይመስል ተገልጧል። ሰውነቷ ገና አልቀዘቀዘም።

«በሽታ ነው?» አለ ካፒታኖው በጣሊያንኛ።

«አይመስለኝም ጌታዬ። የታመመ ውሻ ጥግ ፈልጎ ተጠቅልሎ ነው የሚሞት። ይህች ተገትራ ነው የሞተች።»

እንዲህ ያለ አሟሟት ከዚህ በፊት ያየ መሰለው። የት እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣለትም።

«ይህች ውሻ የመቶ ሰው ሥራ ትሠራ ነበር» አለ ካፒታኖው። «አንተ ታውቃለህ። እስከ ሰኞ ጠዋት ገዳዩን ታመጣልኛለህ። ካላመጣህ እኔ የጠረጠርኩትን አሰቅላለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ሐብተ ማርያም ያውቃል። ዲያና ሽፍታ እያሸተተች ከዋሻ የምታወጣ ውሻ ነበረች። መስከረም ላይ ኮሶዬ ገደል ሥር የተደበቀ ሰው ስታወጣ ሰንሰለቷን የያዘው እሱ ራሱ ነው። አስመራ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጣሊያንኛ ስለተማረ ጎንደር ሲያዝ ፖሊስ አደረጉት፤ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ማውጣት ስለቻለበት ደግሞ ያገር ተወላጅ ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ ማዕረግ፣ ሹምባሽነትን ሰጡት። ሰው በፊቱ ይፈራዋል፣ ከኋላው ባንዳ ይለዋል። ከልቡ የሚወደው ሰው ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አያ ፈንታዬ፣ የውሻይቱ ጠባቂ።

ፈንታዬ ጥንት በሐብተ ማርያም አባት ቤት ያደረ አሽከር ነበር። ፈረስ ያስጋለበው፣ ተኩስ ያስተማረው፣ አባቱ ሲሞት እንደ ልጁ አቅፎ ያጽናናው እሱ ነው። የዛሬ ዓመት ሥራ ያጣ ጊዜ ሐብተ ማርያም ዋስ ሆኖ ሰፈሩ ውስጥ አስቀጠረው። ረቡዕ ዕለት ለተዝካር ወደ ኮሶዬ ወጥቷል፤ እሑድ እመለሳለሁ ብሏል። የማን ተዝካር እንደሆነ ሐብተ ማርያም አልጠየቀውም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ያስጠራት ሰብለ ወንጌልን ነው። የሰፈሩ ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጠባቂው በሌለበት ውሻዋን የምታበላው እሷ ነበረች።

«ምን አበላሻት?»

«እንደ ወትሮው ነው ጌታዬ። ሥጋዋን ሰጠኋት። ከዚያ አያ ፈንታዬ የተወልኝን ዱቄት በዓሣው ዘይት ለውሼ አቀረብኩላት፤ ሙልጭ አድርጋ ላሰችው። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ትንፈራገጣለች።»

«ዱቄቱን እንዴት ነው የተወልሽ?»

«እኔ መጠኑን ስለማላውቅ የሦስት ቀኑን በሦስት ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። በከሰል ምልክት አድርጎበታል። አንድ ጭረት የሐሙስ፣ ሁለት ጭረት የዓርብ፣ ሦስት ጭረት የቅዳሜ።»

«ወረቀቶቹስ?»

ዓይኗን ሰበረች። «ጣልኳቸው።»

ውሸት መሆኑ ገባው። ለጊዜው ግን አለፋት። ስለዱቄቱ ከእሷ ይልቅ እሱ ያውቃል።

የፈረሶቹ ሐኪም ወደ አስመራ ሲሄድ አንድ ቆርቆሮ ዱቄት ለሐብተ ማርያም ሰጥቶት ነበር። የተፈጨ አጥንትና ሌላም ማጠንከሪያ ያለበት ነው። ውሻዋ እያጠባች ስለሆነ ከደከመች በጥቂቱ ይሰጣት፤ ደህና ከበላችና ጸንታ ከቆመች ግን አያስፈልጋትም፣ ሲበዛም ይጎዳታል ብሎ አስጠንቅቋል። ቆርቆሮው በሐብተ ማርያም ቁም ሣጥን ተቆልፎ ተቀመጠ።

ማክሰኞ ዕለት ፈንታዬ ወደ ክፍሉ መጣ። ሰብለ ወንጌል የሹምባሹን ምሳ እያቀረበች ነበር።

«ሐብቴ፣ ያን ዱቄት ልስጣት ወይስ ልተወው?»

«ምነው፣ ደከመች እንዴ?»

«ስትነሳ የኋላ እግሯ ይብረከረካል። አምስት ቡችላ እየመጠጣት እንዴት አይብረከረክ። ግን ደግሞ ሥጋ ጠግባ ታድራለች። ሥጋ የጠገበ ውሻ ከዚያ ወዲያ ምን ይሻል? እኔስ ቸገረኝ።»

«ሐኪሙ ከደከመች ስጡ ብሏል።»

«ሐኪሙን ተወው። አንተን ነው የምጠይቅህ። በኅዳር ወደ አርማጭሆ ልትወርድ ነው ይላሉ። እንድትበረታ ትሻለህ?»

ሐብተ ማርያም ሳቀ። አንድ ሽማግሌ በአንድ ውሻ ምግብ እንዲህ መጨነቁ አስቆት ነበር። «ስጣት አያ ፈንታዬ። በኅዳር ትፈለጋለች፤ ትበርታ።»

«እንግዲያ እዘዘኝ። ነገ አንድ ነገር ብትሆን በገዛ እጁ ሰጣት እንዳልባል።»

«አዝዤሃለሁ።»

ተነሥቶ ቁም ሣጥኑን በገዛ ቁልፉ ከፈተና ቆርቆሮውን አቀበለው።

አሁን ያንኑ ቆርቆሮ ከውሻይቱ ቤት መደርደሪያ አወረደ። ዱቄቱን በጣቱ ነክቶ ቀመሰው፤ እንደ ኖራ ደረቅ ነው፣ ሌላ ጣዕም የለውም። የዘይቱን ጠርሙስ አሸተተ። ክፉኛ ይሸታል፤ ግን የዓሣ ዘይት ሁሉ እንዲሁ ነው። ጠርሙሱን በቦርሳው ይዞ ወደ ከተማው፣ ወደ አዲስ ዓለም መንደር ወረደ።

የሐጂ ሷሊሕ ሱቅ ከመስጊዱ በታች ነው። ሽማግሌው ስኳር እየሰፈሩ ነበር፤ ሹምባሹን ሲያዩ ሚዛኑን አስቀመጡ። በግራ እግራቸው ያነክሳሉ።

«የካፒታኖው ውሻ ሞተች» አለ ሐብተ ማርያም።

«ሰምቻለሁ። ባለፈው ዓመት ባቴን የቦጨቀችኝ እሷ ናት። አልዋሽህም ሹምባሽ፣ አላዘንኩም። ግን አልገደልኳትም።»

«ይህን ዘይት የሸጡት እርስዎ ነዎት?»

ሐጂ ሷሊሕ ጠርሙሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ማንኪያ አመጡና ሞልተው ጨለጡት። ፊታቸውን አኮማትረው አፋቸውን ጠረጉ።

«መርዝ ከሆነ እዚሁ ጠብቀኝ» አሉት። «ይህን ከምጽዋ የሚያመጡልኝ ደካማ ሕፃን ላለው ሰው ነው። ለልጅ ልጄም እሰጣታለሁ። ሰውዬው ሲገዛ፣ ዱቄቱን ብቻውን አትልሰውም፣ ጣዕሙን የሚያጠፋ ጠረኑ የከበደ ነገር ስጠኝ አለኝ።»

«ሰውዬው ማን ነው?»

«ጠባቂዋ ነዋ። ፈንታዬ።»

«መቼ ነው የገዛው?»

«ሰኞ።»

«ማክሰኞ ይሆናል ሐጂ።»

«ሰኞ ነው። ሰኞ የልጅ ልጄ ሰኪና ቁርአን ያከተመችበት ቀን ነው። ድግስ ስላለብኝ ቀደም ብዬ ሱቁን ልዘጋ ስል ነው የደረሰብኝ።»

ሐብተ ማርያም ጠርሙሱን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ልስጣት ወይስ ልተወው ብሎ ማክሰኞ ምክር የጠየቀው ሰው፣ ሰኞ ማባያውን ገዝቶ ጨርሶ ነበር ማለት ነው። አንድ ነገር እንደ እሾህ ወጋው። ግን ሽማግሌ ቀን ይሳሳታል አለ በልቡ፤ አልያም አያ ፈንታዬ ጠንቃቃ ነው፣ ምናልባት ብሎ ገዝቶት ይሆናል። ዳገቱን ሲወጣ በልቡ ሌላ ጥፋተኛ ይፈልግ ጀመር። ሰብለ ወንጌል ስለወረቀቶቹ ለምን ዋሸች? ማንስ ከፍሏት ይሆን?

ሰፈሩ ሲደርስ ካፒታኖው አልጠበቀውም። ሰብለ ወንጌልን ከግንድ ጋር አስረው እየገረፏት ነበር። ወዲያው ደግሞ ሁለት ፖሊሶች፣ ዘይቱን የሸጡት እሳቸው ናቸው ተብሎ፣ ሐጂ ሷሊሕን ሊያመጡ ሲወርዱ አያቸው።

«አቁሙ» አለ። «ምርመራው የኔ ነው።»

የሚገርፈው ሰው ካፒታኖውን አየ። ካፒታኖው ሰዓቱን ተመልክቶ በእጁ ምልክት ሰጠ። ግርፋቱ ሃያ ደርሶ ነበር።

ውኃ አስጠጥቶ ጥላ ሥር አስቀመጣት። ከመቀነቷ ውስጥ የተጣጠፉ ሦስት ወረቀቶች አወጣች።

«ወረቀት ብርቅ ነው ጌታዬ» አለችው። «ለቅመም መቋጠሪያ ይሆነኛል ብዬ ነው። ሰረቀች እንዳልባል ፈርቼ ነው የዋሸሁዎት።»

ባለ አንድ ጭረቱን ገለጠና በምላሱ ጫፍ ነካው። ኖራ፣ ኖራ ይላል። ባለ ሁለቱም ያው። ባለ ሦስቱን ነካ፤ ከእሬት የባሰ መራራ ነው። ደጋግሞ ተፋ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ መራራው ግን ከምላሱ አልለቅ አለው።

ያን ጊዜ እንዲህ ተገትሮ የሞተ እንስሳ የት እንዳየ ትዝ አለው። ሰኔ ላይ ጅብ የጋማ ከብቱን ሲያስቸግር በሰፈሩ ዙሪያ መርዝ የተነሰነሰበት ሥጋ ተጥሎ ነበር። በማግሥቱ የተገኙት ጅቦች እግራቸው ተገትሮ፣ ጥርሳቸው ተገልጦ ነበር የሞቱት። መርዙን ሥጋው ላይ የነሰነሰው ፈንታዬ ነው።

የተረፈው መርዝ በሐብተ ማርያም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ሄዶ ከፈተ። የጠርሙሱ ማሸጊያ ሰም እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም። እንግዲያ ፈንታዬ ያኔ በሰኔ ጥቂት አስቀርቶ ይዞት ኖሯል።

«ልትቀምሺው ትችይ ነበር» አላት ሰብለ ወንጌልን ተመልሶ።

«ጣቴን ልሼ ቢሆን ኖሮ?» አለችና ወረቀቶቹን አየቻቸው። «አያ ፈንታዬ ልጄ እያለ ነበር የሚጠራኝ።»

እሑድ ጠዋት ደጅ ቆሞ ጠበቀ። በሰሜኑ መንገድ እንጨት የጫኑ አህዮችና ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች አለፉ። ፈንታዬ አልመጣም። ወደ ደባርቅ በምትሄድ የጭነት ማኪና ተሳፍሮ ኮሶዬ ወረደ።

ኮሶዬ ጉም ለብሶ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንዲት የመንገድ ዳር ጠላ ሻጭ የፈንታዬን ልጅ ቤት በጣቷ አሳየችው። ጎጆው ከገደሉ አፋፍ ነው፤ ከደጃፉ ላይ ዳሱ ገና አልፈረሰም። ጠጉሯን የተላጨች፣ ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ወጣች።

ፈንታዬ ጽጌሬዳ የምትባል ልጅ እንዳለችው ሐብተ ማርያም ያውቃል። ሲያያት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሱ አስመራ ሳለ ነው ያደገችው፣ የተዳረችውም።

«ሐብተ ማርያም ነህ?» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«አባቴ። ከእሑድ አያልፍም፣ ይመጣል ብሎኛል።»

«እሱ የት አለ?»

«ሐሙስ የባሌን አርባ አወጣ። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ጠመንጃውን ይዞ ወደ አርማጭሆ ወረደ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

ዓርብ። ውሻዋ ገና በሕይወት ሳለች ነው የሄደው። ሦስተኛውን ጥቅል ሰብለ ወንጌል ስትፈታው እሱ ቆላውን አጋምሶ ነበር።

«ባልሽ ምን ሆኖ ነው የሞተው?» አላት፤ መልሱ ግን አስቀድሞ ታውቆት ነበር።

ጽጌሬዳ ወደ ገደሉ አመለከተች። «መስከረም ላይ ከዚህ ሥር ካለ ዋሻ ውሻ አወጣው። ይባረክ ነበር የሚባል። ስሙን የጠየቃችሁት አይመስለኝም።»

አልጠየቁትም። እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር የወጣው። ካፒታኖው ሲተኩስ ሐብተ ማርያም ውሻዋን ወደ ኋላ እየጎተተ ነበር። ማታውኑ ሰንሰለቷን ለፈንታዬ መልሶ፣ ሸጋ ሠራች ዛሬ፣ ብሎት እንደነበር አሁን ትዝ አለው። ፈንታዬም የውሻይቱን አፍ በውኃ አጥቦላት ነበር።

«አላወቅሁም» አለ። «አያ ፈንታዬ አልነገረኝም።»

«ምን ብሎ ይንገርህ?»

«ሌላ ምን አለሽ?»

«መልእክት አለህ። ስጣት ያልከኝ አንተ ነህ፤ ቆርቆሮውም ከአንተ ቁልፍ ነው የወጣው፤ እንግዲህ እንደሚበጅህ አድርግ፣ በይው ብሎኛል።»

ሲመለስ በማኪናው ጭነት ላይ ተቀምጦ ነገሩን አንድ በአንድ አሰበው። የፈንታዬን ስም ከጠራ ነገ ይህ ጎጆ ይቃጠላል፣ ጽጌሬዳም አትተርፍም። ካልጠራ ሐጂ ሷሊሕና ሰብለ ወንጌል ይሰቀላሉ። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ፈንታዬም አንድ ብቻ እንዲቀር አድርጎ ነው ያጠረው። ትዕዛዝ፣ ቁልፍ፣ ምስክር፣ ሁሉንም አሰናድቶለታል።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ። ሐብተ ማርያምን ያንገበገበው ግን መውደቁ አልነበረም። ፈንታዬ እሱን ክፉ ነው ብሎ ቢያስበው ኖሮ እንዲህ አያደርግም፤ ክፉ ሹምባሽ ሁለቱን ድሆች አሰቅሎ ይተኛል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው፣ ያን እንደማያደርግ አውቆ ነው የሸጠው። ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ያለ ጠላት አልገጠመውም። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ፤ ነጂውም ዞር ብሎ አላየውም።

ሰኞ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የመርዙን ጠርሙስ ሰም በቢላዋ ላጠው። ጥቂት መሬት ላይ አፈሰሰ። ከዚያ ካፒታኖው ዘንድ ገባ።

«ገዳዩ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ማጠንከሪያው ይሰጣት ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ለሦስት ቀን ስሰፍረው የጅብ መርዙ አጠገቡ ነበር፤ ባለማወቅ ተቀላቀለብኝ። ሴትየዋ የሰጠኋትን ነው ያበላችው። ዘይቱ ንጹሕ ነው።»

«ጠባቂውስ? ለምን አልተመለሰም?»

«ወሬውን ሰምቶ ፈርቶ ይሆናል። ማንም ይፈራል።»

ካፒታኖው ጠርሙሱን አስመጥቶ አየ። ቀና ብሎ ፊቱን ተመለከተው። «ትዋሻለህ» አለው። «ለማን ብለህ እንደምትዋሽ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።» ከዚያ የማዕረግ ምልክቱን ከትከሻው ላይ ገነጠለበት።

ሐጂ ሷሊሕ በዚያው ቀን ተፈቱ። ሰብለ ወንጌል ከሥራዋ ተባርራ፣ ጀርባዋን በቅቤ እያሹላት አንድ ወር ተኛች። ሐብተ ማርያም ስህተት ነው ስላለ ከገመድ ተረፈ፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በሊማሊሞ መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖረ።

በኅዳር ፲፱፻፴፬ ጣሊያን ጎንደርን ለቆ እጁን ሲሰጥ አርበኞች ከየቆላው ገቡ። ሐብተ ማርያም ከእስር ወጥቶ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አናጢ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ጠጉሩን ያጎፈረ ሽማግሌ ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆመ።

«ሐብቴ» አለው።

ሐብተ ማርያም መጋዙን አስቀመጠ። እጁን ግን አልዘረጋም።

«ስፈልግህ ነበር» አለ ፈንታዬ። «ባንዳ የነበረን እየያዙ ነው። የውሻዋን ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ውስጥ ለውስጥ ይረዳን ነበር ብዬ እመሰክርልሃለሁ።»

«አልረዳሁህም። ስጣት ስል ውሻዋ እንድትበረታ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዘይቱን ሰኞ ገዝተህ ለምን ማክሰኞ ጠየቅኸኝ?»

ፈንታዬ በሩን ተደግፎ ተቀመጠ። አርጅቷል። «ተዋት ብትለኝ ኖሮ» አለ፤ «አያ ፈንታዬ፣ ይህች ሰው የምታሳድድ ውሻ ከነድካሟ ትቅር ብትለኝ ኖሮ፣ ሁሉን ልነግርህና ይዤህ ልወርድ ነበር። ይባረክን አንተ ሳታውቅ ነው ያስገደልከው፤ ለዚያ ይቅር ልልህ ዝግጁ ነበርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነው የፈለግሁብህ። አንተ ግን ሳቅህና፣ በኅዳር ትፈለጋለች አልክ።»

ሐብተ ማርያም ከጠረጴዛው ላይ የእንጨቱን ብናኝ በእጁ ጠረገ። እውነት ነው፤ ሳቋል።

«እኔን ጠይቀኸኛል» አለ። «የፈረድክብኝ ጠይቀህ ነው፤ ይሁን። ሰብለ ወንጌልንስ ምን ብለህ ጠየቅሃት?»

ፈንታዬ ቀና ብሎ አየው።

«ጀርባዋ እስካሁን አልቀና አላት። አጎንብሳ ነው የምትሄደው። ቤቷ እዚያ ማዶ ነው፣ ከወንዙ በላይ። ለኔ ከመመስከርህ በፊት እሷ ዘንድ ሂድ።»

ሽማግሌው ጠመንጃውን ተመርኩዞ ተነሣ። ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄደ። ከዚያ መካከል ላይ ቆመ፤ ወደፊትም ወደኋላም ሳይል እዚያው ቆሞ ቀረ።